በግራ ያደላው ሚዛን፤ የፕሮፌሰር ቺየን ሺዩንግ ዉ ሕይወትና ሥራ

ጥርሱ ወደ ቀኝ የሚዞር ብሎን በመስተዋት ፊት ቢያዝ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ጥርሱ ወደ ግራ የሚዞር ሆኖ ይታያል። በመስተዋቱ ውስጥ የታየውን ይህን ብሎን ማንኛውም የብረት ሠራተኛ በቶርኖው ላይ ሊቀርጸው ይችላል፤ ተቀርጾም ሲያበቃ እንደ ቀኙ ብሎን ሁሉ ይጠብቃል፣ ሸክሙንም ይሸከማል። የቀኝ ጥርስ በዓለም ዙሪያ መደበኛ ሆኖ የቀረው በሰዎች ስምምነት ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ ስላስገደደ አይደለም። እስከ 1956 መጨረሻ ድረስ የፊዚክስ ሊቃውንት ስለ ተፈጥሮ በጠቅላላው ያምኑ የነበረው ይህንኑ ነው። ይኸውም በተፈጥሮ ውስጥ የሚፈጸም ማንኛውም ድርጊት የመስተዋት ምስሉም እንዲሁ ሊፈጸም የሚችል ነው፤ ተፈጥሮ ግራን ከቀኝ አታበላልጥም፤ የሚል እምነት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ እምነት በፊዚክስ ቋንቋ የፓሪቲ ሕግ ይባላል። ለ30 ዓመታት ያህል በአቶምና በኒውክሊየስ ጥናት ሲሠራበት የኖረና ብዙ ፍሬ ያስገኘ ሕግ ስለነበረ፣ ይጠራጠረው ዘንድ የተነሣ ሰው ጥቂት ነበር። ሕጉ በኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይልና ኒውክሊየስን አጥብቆ በሚይዘው ብርቱ ኃይል ረገድ በሚገባ ተፈትኖ ነበር። ዳሩ ግን ለቤታ ፍርሰትና ለመሳሰሉት ድርጊቶች ምክንያት በሆነው ደካማ ኃይል ረገድ ከቶ ተለክቶ አያውቅም ነበር። ያልተለካው ነገር እንደተለካ ሆኖ መቆጠሩን ያመለከቱት ሁለት የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ለክተው ሐሰት መሆኑን ያረጋገጡት ግን በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቺየን ሺዩንግ ዉ ከአራት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ነበሩ።

ልጅነትና ትምህርት

ቺየን ሺዩንግ ዉ በቻይና አገር በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ሊውሄ በምትባል ትንሽ ከተማ ሜይ 31 ቀን 1912 ተወለዱ። ዓመቱ የመጨረሻው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን የወረዱበትና አገሪቱ ወደ ሪፐብሊክ የተሸጋገረችበት ነበር። አባታቸው ዉ ጆንግ ዪ የምህንድስና ትምህርት የቀመሱ፣ ለውጥንም የሚደግፉ ሰው ነበሩ። ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ከንቱ ድካም በሚቆጠርበትና የሴቶችን እግር በጨርቅ ጠፍሮ የማሰሩ ልማድ ገና ባልጠፋበት በዚያ ዘመን፣ እኚህ ሰው በትውልድ ከተማቸው ሚንግዴ የተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፍተው ራሳቸው ርዕሰ መምህሩ ሆኑ። ከሦስት ልጆቻቸው መካከል ብቸኛዋ ሴት ለሆኑት ለመካከለኛይቱ ልጃቸው ያወጡላቸው ስም ብርቱ ጀግና የሚል ትርጉም ነበረው። ልጃቸውም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ በአባታቸው ትምህርት ቤት ነው።

በ11 ዓመታቸው ወደ ሱጆ ከተማ ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። የመረጡት የመምህራን ማሠልጠኛውን ክፍል ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ክፍል የትምህርትና የቀለብ ክፍያ ስለማይጠየቅና ሥራም አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለነበረ ነው። ዳሩ ግን የሳይንስ ትምህርት ይበልጥ የሚሰጠው በሌላው ክፍል መሆኑን ሲረዱ፣ የዚያ ክፍል ተማሪዎች የሆኑት ጓደኞቻቸው ማታ ማታ ሥራቸውን ጨርሰው ሲተኙ መጻሕፍታቸውን እየተዋሱ ሒሳብን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ለብቻቸው አጠኑ። በ1929 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ጨረሱ። በ1930 በናንጂንግ ወደሚገኘው ብሔራዊ ማዕከላዊ ዩኒቨርስቲ ገብተው በመጀመሪያ ሒሳብ፣ ከዚያም ፊዚክስ ተምረው በ1934 ተመረቁ።

ከተመረቁ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በጀጂያንግ ዩኒቨርስቲ አስተማሩ፤ ቀጥሎም በሻንጋይ በአካዳሚያ ሲኒካ የፊዚክስ ኢንስቲትዩት ውስጥ በኤክስ ሬይ ስለ ክሪስታሎች በሚደረገው ምርምር ተካፈሉ። በዚያ የሥራ አለቃቸው የነበሩት ጉ ጂንግ ዌይ የተባሉ ሴት ሊቅ በአሜሪካ በሚቺጋን ዩኒቨርስቲ የተማሩ ስለነበሩ፣ ወጣቷ ተመራማሪም የእርሳቸውን ፈለግ እንዲከተሉ አበረታቷቸው። አጎታቸው የጉዞውን ገንዘብ ሰጥተው በኦገስት 1936 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚሄድ መርከብ ተሳፈሩ። ወላጆቻቸው ወደብ ድረስ ወጥተው ሸኟቸው። ሐሳባቸው ተምሮ ቶሎ መመለስ ነበር፤ ሆኖም በ1937 ጃፓን ቻይናን ወረረች፤ ከዚያም የዓለም ጦርነት፣ ከእርሱም በኋላ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ። ከአባትና ከእናታቸው ጋር ዳግመኛ ሳይተያዩ ቀሩ።

ከበርክሌይ እስከ ኮሎምቢያ

ወደ ሚቺጋን ሲጓዙ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲን ጎበኙ። ያስጎበኟቸው ሉክ ዩዋን የተባሉ ቻይናዊ የፊዚክስ ተማሪ ሲሆኑ፣ የቻይና ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የነበሩት የዩዋን ሺካይ የልጅ ልጅ ነበሩ። በበርክሌይ ኧርነስት ሎረንስ የሠሩትን ሳይክሎትሮን አዩ። በሚቺጋን ሴት ተማሪዎች በተማሪዎች ማኅበር ሕንጻ ዋና በር እንዳይገቡ መከልከላቸውን በሰሙ ጊዜ ደግሞ ሐሳባቸውን ለውጠው በርክሌይ ቀሩ። ከኤሚሊዮ ሴግሬ ጋር እየሠሩ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ የሚገኙትን ጨረር አፍላቂ የዜኖን ዓይነቶች መርምረው በ1940 የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። በሜይ 1942 ከሉክ ዩዋን ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ።

ከጋብቻቸው በኋላ በስሚዝ ኮሌጅና በፕሪንስተን ዩኒቨርስቲ አስተማሩ። በ1944 በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ በአቶም ቦምቡ ፕሮጀክት ውስጥ ተመድበው ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በሃንፎርድ የተሠራው ታላቁ የፕሉቶኒየም ማምረቻ ሪአክተር ሥራ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ እየደከመ ሄዶ ጠፋ፤ ቆይቶም በራሱ ተነሣ፤ እንደገናም ጠፋ። መሐንዲሶቹ ውሃው ፈስሶ ወይም ቧንቧው ተበላሽቶ እንደሆነ መረመሩ፤ ጉድለት አላገኙም። ምክንያቱ በሪአክተሩ ውስጥ የሚፈጠረውና ኒውትሮን በብርቱ የሚውጠው ዜኖን 135 ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማረጋገጥ ከረዱት መረጃዎች አንዱ ዉ ከሴግሬ ጋር በበርክሌይ አጥንተው ገና ያላሳተሙት ውጤት ነበር። የኒውክሊየር ኃይል ማመንጫ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ድረስ የዜኖንን መመረዝ በሒሳባቸው ሳያስገቡ ሪአክተር አይነድፉም።

ከጦርነቱ በኋላ በኮሎምቢያ ቀሩ፤ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 1981 ድረስም የሥራ ቦታቸው ይኸው ሆነ። በ1947 አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

የቤታ ፍርሰት ጥናት

በቤታ ፍርሰት ጊዜ በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለ አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይለወጥና አንድ ኤሌክትሮንና አንድ አንቲኒውትሪኖ ተፈናጥረው ይወጣሉ። ኤንሪኮ ፈርሚ በ1930ዎቹ ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በየጉልበታቸው መጠን ምን ያህል እንደሚሆኑ አስቀድሞ ይናገራል። ዳሩ ግን በየቤተ ሙከራው የተገኘው ውጤት ከዚህ ጋር አልጣጣም ብሎ ነበር፤ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ከሚጠበቀው በላይ እየበዙ ይገኙ ስለነበር፣ ንድፈ ሐሳቡ መለወጥ አለበት የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ።

ዉ ጉድለቱን የፈለጉት በመለኪያው በኩል ነበር። ጨረር አፍላቂው ነገር ወፍራምና ያልተስተካከለ ሆኖ ከተቀባ፣ ከውስጥ የሚነሡት ኤሌክትሮኖች ወደ ውጭ እስኪወጡ ድረስ ጉልበታቸውን በመንገድ ያባክናሉ፤ መለኪያውም የሚመዘግበው የተዳከሙበትን መጠን ነው። በመሆኑም ጨረር አፍላቂ መዳብ ባለበት የመዳብ ሰልፌት ላይ ዲተርጀንት ጨምረው በጣም ስስና እኩል የሆነ ንጣፍ አበጁ። ከዚያ የተገኘው ውጤት ከፈርሚ ንድፈ ሐሳብ ጋር ገጠመ። ይህ በ1949 የታተመው ሥራ ዉን በቤታ ፍርሰት ረገድ ቃላቸው ከሚታመን ጥቂት ባለሙያዎች አንዷ አደረጋቸው። አንድን ንድፈ ሐሳብ ከመጣል በፊት የመለኪያውን ንጣፍ ውፍረት መመርመር እንደሚገባ ያስተማረው ይህ ጥንቃቄ ከሰባት ዓመት በኋላ ለታላቁ ሥራቸው መሠረት ሆነ።

የቴታና የታው እንቆቅልሽ

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሊቃውንቱን የሚያስቸግር አንድ እንቆቅልሽ ተፈጠረ። ቴታ የተባለው ቅንጣት ወደ ሁለት ፓዮኖች ይፈራርሳል፤ ታው የተባለው ደግሞ ወደ ሦስት። በፓሪቲ ሕግ ስሌት ሁለት ፓዮኖችና ሦስት ፓዮኖች ተቃራኒ ምልክት ስላላቸው፣ ቴታና ታው የግድ ሁለት ልዩ ልዩ ቅንጣቶች መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን ልኬታቸው በተሻሻለ ቁጥር ክብደታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸውም አንድ ሆኖ ተገኘ። በሁሉ ነገር የሚመሳሰሉ ሁለት ቅንጣቶች በፓሪቲ ብቻ መለያየታቸው እንግዳ ነገር ሆነ።

በ1956 በኮሎምቢያ የነበሩት ጹንግ ዳኦ ሊና በፕሪንስተን የነበሩት ቸን ኒንግ ያንግ መልሱ ቅንጣቱ አንድ ሆኖ ሕጉ የተሳሳተ መሆኑ ላይሆን ይችላልን የሚል ጥያቄ አነሡ። በጸደይ ወራት ሊ በኮሎምቢያ ፑፒን በተባለው ሕንጻ 13ኛ ፎቅ ወደሚገኘው የዉ ቢሮ ሄደው በቤታ ፍርሰት ረገድ ፓሪቲን የለካ ሙከራ መኖሩን ጠየቁ። ሊና ያንግ እስከዚያ ድረስ የተደረጉትን ሙከራዎች ሲያገላብጡ አንድም እንኳ ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ አላገኙም። እነዚያ ሙከራዎች የለኩት ነገር በመስተዋቱም ሆነ ከመስተዋቱ ውጭ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሕጉ ቢጠበቅም ቢጣስም ያው ውጤት ይሰጣሉ። መለካት የነበረበት የኒውክሊየሱ መሽከርከሪያ አቅጣጫና ኤሌክትሮኑ የሚወጣበት አቅጣጫ እርስ በርሳቸው ያላቸው ግንኙነት ነበር።

ዉ ለዚህ የሚመቸው ኮባልት 60 መሆኑን ጠቆሙ። ሊና ያንግ ሐሳባቸውን በጽሑፍ አዘጋጅተው በጁን ላኩ፤ ጽሑፉም ኦክቶበር 1 ቀን 1956 ታተመ። ዉ ግን እስኪታተም አልጠበቁም። በዚያ ዓመት ከባለቤታቸው ጋር በአውሮፓ በሚደረግ ስብሰባ ተካፍለው ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊሻገሩ ኩዊን ኤልሳቤጥ በተባለችው መርከብ ላይ ቦታ ይዘው ነበር፤ የትውልድ አገራቸውን ከለቀቁ ልክ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። ጥያቄው አንድ ጊዜ በአደባባይ ከወጣ ሌሎች እንደሚሽቀዳደሙበት ስላወቁ፣ ባለቤታቸው ለብቻቸው እንዲሄዱ ለምነው እርሳቸው ከሥራው ጋር ቀሩ።

የዋሽንግተኑ ሙከራ

ኮባልት 60 ለመሐንዲሶች እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጋማ ጨረሩ ወፍራም የብረት ብየዳ ለመመርመርና ካንሰርን ለማከም ሲያገለግል ኖሯል። ኒውክሊየሱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ስለዚህም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። የሙከራው ሐሳብ ቀላል ነበር። እነዚህ ጥቃቅን እንዝርቶች ሁሉ አንድ አቅጣጫ እንዲይዙ ማድረግ፣ ከበላያቸው በተተከለ ቆጣሪ ኤሌክትሮኖቹን መቁጠር፣ ቀጥሎም የእንዝርቶቹን አቅጣጫ ገልብጦ እንደገና መቁጠር ነው። የፓሪቲ ሕግ እውነት ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሆናሉ፤ ካልተስተካከሉ ሕጉ ፈርሷል ማለት ነው።

ችግሩ የነበረው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። በተራ ሙቀት አቶሞቹ ሲተራመሱ የኒውክሊየሶቹ አቅጣጫ ይበታተናል። አቅጣጫቸውን ለማስያዝ ከፍፁም ዜሮ በላይ አንድ መቶኛ ዲግሪ ያህል ብቻ ወደሆነ ቅዝቃዜ መውረድ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቁት በዋሽንግተን የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበሩት፣ በኦክስፎርድ የሠለጠኑት ኧርነስት አምብለር ነበሩ። ዉ በጁን ወር አነጋግረዋቸው አምብለር ፈቃደኛ ሆኑ፤ ሬይመንድ ሄይዋርድ፣ ዴል ሆፕስና ራልፍ ሀድሰንም በዚያው ተጨመሩ።

ቅዝቃዜው የሚገኘው ሴሪየም ማግኒዚየም ናይትሬት በተባለ ጨው ክሪስታል አማካይነት ነው። ክሪስታሉ በመጀመሪያ በፈሳሽ ሂሊየም ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም በብርቱ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ እንዳለ የሚያመነጨው ሙቀት ወደ ሂሊየሙ እንዲሄድ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ከሂሊየሙ ተለይቶ መስኩ ሲነሣ የክሪስታሉ ሙቀት እጅግ ይወርዳል። ይህ ጨው የተመረጠበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ። በአንድ አቅጣጫ በብርቱ ማግኔት ሲሆን ለዚያ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ግን ማግኔትነቱ በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቅዝቃዜው በአግድም መስክ ከተገኘ በኋላ፣ የኮባልቱን አቅጣጫ የሚያስይዘው ቋሚ መስክ ቢጨመር ክሪስታሉን መልሶ አያሞቀውም። ቋሚውም መስክ ብርቱ መሆን አላስፈለገውም፤ የኮባልቱ አቶም የራሱ ኤሌክትሮኖች በኒውክሊየሱ ላይ እጅግ ብርቱ መስክ ስለሚፈጥሩ፣ የውጭው መስክ አቶሞቹን ማሰለፍ ብቻ ይበቃዋል።

ከሁሉ የከበደው ቤታ ቆጣሪውን ማስገባት ነበር። ኤሌክትሮኖች በስስ ብረት እንኳ ስለሚታገዱ ቆጣሪው ከማቀዝቀዣው ዕቃ ውጭ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም ከምንጩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ቀጭን የአንትራሲን ክሪስታል ተቀመጠ። ኤሌክትሮን ሲነካው የሚፈነጥቀው ብርሃን 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር በሚያህል የፕላስቲክ ዘንግ ወደ ላይ ተመርቶ ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ወዳለው ብርሃን ቆጣሪ ይደርሳል። ኮባልቱ ደግሞ በክሪስታሉ ፊት ላይ በስስ ንጣፍ ብቻ እንዲሆን አስፈለገ። ነገር ግን ስሱ ንጣፍ ከአካባቢው በሚደርሰው ሙቀት በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ እየሞቀ ሥራውን አበላሸ። መፍትሔው ምንጩን በሌሎች ክሪስታሎች በተሠራ ቤት ውስጥ መክበብ ነበር፤ ለዚህም ትላልቅ ክሪስታሎች ማሳደግ ግድ ሆነ። ክሪስታሎቹ በኮሎምቢያ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በዝግታ አድገው ወደ ዋሽንግተን ተወሰዱ። በሙጫ ተጣብቀው ሲቀዘቅዙ ሙጫው አልይዝ ብሎ ቤቱ ፈረሰ፤ በመጨረሻም ክሪስታሎቹ በቀጭን የናይሎን ክር ታሰሩ። ዉ በእነዚህ ወራት የማስተማር ሥራቸውን ሳያቋርጡ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን መካከል ይመላለሱ ነበር።

ኒውክሊየሶቹ በእርግጥ መሰለፋቸውን የሚነግሩት በውጭ የተተከሉ ሁለት የጋማ ቆጣሪዎች ናቸው፤ አንደኛው ከአናት አቅራቢያ፣ ሁለተኛው ከጎን። ኒውክሊየሶቹ ተሰልፈው ሳሉ ሁለቱ ቆጣሪዎች የሚያሳዩት ቁጥር ይለያያል፤ ክሪስታሉ ሲሞቅ ልዩነቱ ይጠፋል። በዲሴምበር 1956 መጨረሻ ሳምንት ቤቱ በክር ታስሮ ሙከራው ሲደገም የቤታ ቆጣሪው ቁጥር መስኩ ወደ ላይ ሲሆን አነሰ፤ ወደ ታች ሲገለበጥ በዛ። ኤሌክትሮኖቹ ኒውክሊየሱ ከሚሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ መውጣትን መርጠዋል ማለት ነው። ልዩነቱ በጥንቃቄ ተፈልጎ የሚገኝ ጥቃቅን ነገር አልነበረም፤ በግልጽ የሚታይ ሰፊ ልዩነት ነበር። ክሪስታሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሲሞቅ የጋማው ልዩነት በጠፋበት ጊዜ የቤታውም ልዩነት አብሮ ጠፋ።

ዉ ግን ገና አልረኩም። ክሪስታሉ ራሱ የተረፈው ማግኔትነት ኤሌክትሮኖቹን እያጣመመ ይህን አሳይቶ እንደሆነስ? ይህን ለመለየት ኮባልቱ በቂ ቅዝቃዜ በማያገኝበት ሁኔታ በፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ፣ የክሪስታሉ ቤት ግን እንደ ቀድሞው ሆኖ ሙከራው ተደገመ። ልዩነቱ አልታየም። ስለዚህ ውጤቱ ከመሣሪያው የመጣ አልነበረም። በጃንዋሪ 1957 መጀመሪያ ዜናው በኮሎምቢያ ሲሰማ ሪቻርድ ጋርዊን፣ ሊዮን ሌደርማንና ማርሴል ዋይንሪክ በዩኒቨርስቲው ሳይክሎትሮን በሙዮኖች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያንኑ አገኙ። ጃንዋሪ 9 ቀን ሌሊት የዋሽንግተኑ ቡድን የመጨረሻውን ማጣሪያ ፈጽሞ በወረቀት ኩባያ ወይን ጠጅ ቀድቶ ደስታውን ገለጠ። ሁለቱ ጽሑፎች በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1957 በአንድ መጽሔት ላይ ተከታትለው ታተሙ።

ከግኝቱ በኋላ

ውጤቱን አስቀድመው ከተጠራጠሩት አንዱ በ1930 የኒውትሪኖን መኖር የገመቱት ቮልፍጋንግ ፓውሊ ነበሩ፤ ሙከራው እኩልነትን ያሳያል ብለው ያምኑ ነበር። ቴታና ታው ዛሬ ካኦን የሚባለው አንድ ቅንጣት መሆናቸው ተረጋገጠ። በ1958 በብሩክሄቨን ሞሪስ ጎልድሀበርና ባልደረቦቻቸው ኒውትሪኖ ወደ ግራ ብቻ እየተሽከረከረ እንደሚጓዝ አሳዩ፤ ተፈጥሮ ኒውትሪኖን የቀረጸችው በግራ ጥርስ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሊቃውንቱ ለጥቂት ዓመታት በሌላ ሚዛን ተጽናኑ። መስተዋቱ ግራና ቀኙን ሲያለዋውጥ ቁስ አካልም አብሮ ወደ ፀረ ቁስ አካል ቢለወጥ እኩልነቱ ይመለሳል የሚል ነበር። በ1964 ጄምስ ክሮኒንና ቫል ፊች ከባልደረቦቻቸው ጋር ዕድሜው ረጅም የሆነው ካኦን ከ1,000 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል በዚህ ሕግ የተከለከለውን መንገድ እንደሚከተል አገኙ። ይኸኛውም ሚዛን ተሰበረ። ጊዜን መገልበጥ ከሁለቱ ጋር ሲደመር የሚገኘው የሦስትዮሽ ሚዛን ግን እስከ ዛሬ አልተጣሰም። ዓለማችን በቁስ አካል ተሞልታ ፀረ ቁስ አካል የጠፋበትን ምክንያት የሚመረምሩ ሁሉ የሚነሡት ከእነዚህ ግኝቶች ነው።

በ1957 መጨረሻ የኖቤል ሽልማት ለሊና ለያንግ ተሰጠ። የሙከራው ውጤት የታተመው የዚያ ዓመት የዕጩዎች ጊዜ ካለፈ በኋላ መሆኑ እውነት ነው፤ ሥራውም የአምስት ሰዎች ነበር። ቢሆንም ከዚያ በኋላ በነበሩት 40 ዓመታት ሽልማቱ ለዉ አለመሰጠቱ በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሯል። በ1958 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚም አባል አደረጋቸው። ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። በ1963 በቦሮን 12 እና በናይትሮጅን 12 ላይ ባደረጉት ልኬት ደካማውንና ኤሌክትሮማግኔታዊውን ኃይል የሚያዛምደውን አንድ አስፈላጊ ሕግ አረጋገጡ። በ1975 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደመወዛቸው ከወንዶች ባልደረቦቻቸው ጋር የተስተካከለውም በዚያው በ1975 ነበር። በ1978 የመጀመሪያው የዎልፍ የፊዚክስ ሽልማት ተሰጣቸው።

በስተጀርባው ግን ሌላ ሒሳብ ነበር። በ1958 ታላቅ ወንድማቸው፣ በ1959 አባታቸው፣ በ1962 እናታቸው ሞቱ። በ1954 የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ነበር፤ የሁለቱ አገሮች በር ተዘግቶ ስለነበረም ከቀብሩ ላይ አልተገኙም። በ1973 ከ37 ዓመት በኋላ ቻይናን ለማየት በቻሉ ጊዜ የወላጆቻቸው መቃብር በባህል አብዮቱ ዘመን ፈርሶ ቆያቸው። በ1956 የተዉት ጉዞ ወደ ወላጆቻቸው ቤት የሚያደርስ አልነበረም፤ ቢሆንም ወደ ምሥራቅ የሚመልሰውን መንገድ ለሥራቸው ሲሉ መተዋቸውን የሚያስታውሱ ወዳጆቻቸው ብዙ ናቸው።

ፕሮፌሰር ቺየን ሺዩንግ ዉ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1997 በኒው ዮርክ በ84 ዓመታቸው አረፉ። አመዳቸው በሊውሄ፣ አባታቸው ለሴቶች ልጆች በከፈቱት በሚንግዴ ትምህርት ቤት ግቢ ተቀበረ።

ከሥራቸው የሚገኘው ትምህርት ለፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። በምህንድስና ሠንጠረዥ ውስጥ የሰፈረ ቁጥር ሁሉ፣ በሁሉ ዘንድ የታወቀ የሚባል ደንብ ሁሉ፣ በአንድ ወቅት በአንድ ሰው የተለካ ወይም ያልተለካ ነው። ፓሪቲ ለ30 ዓመታት የታመነው ሳይለካ ነበር። የጠየቀው ጥያቄ መልስ ያገኘው ንጣፉ በቂ ስስነት እስኪኖረው፣ ክሩ ክሪስታሉን እስኪይዝ፣ መሣሪያው ራሱ አለመዋሸቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የታገሡ እጆች ስለተገኙ ነው። ከአምስቱ ሰዎች ስም በጽሑፉ አናት ላይ የሰፈረው የዉ ነበር፤ የፊዚክስ ተማሪዎችም ሙከራውን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በእርሳቸው ስም ነው።